ፊደል ቆጥሮ ጸሐፊን መለየት

እ.ኤ.አ. በ1861 በአሜሪካ ይታተም የነበረው የኒው ኦርሊንስ ዴይሊ ክሬሰንት ጋዜጣ ኩዊንተስ ከርሺየስ ስኖድግራስ በሚል የብዕር ስም የተጻፉ አሥር ደብዳቤዎችን አወጣ። ደብዳቤዎቹ የአንድ የሉዊዚያና ሚሊሺያ ወታደርን ገጠመኝ በቀልድ የሚተርኩ ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጸሐፊው ማርክ ትዌይን ነው የሚል አስተያየት ተነሣ። አስተያየቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የዝነኛው ደራሲ የዚያ ዓመት ታሪክ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

ክርክሩን የዳኘው መሣሪያም የዚያው ክፍለ ዘመን ውጤት ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦገስተስ ደ ሞርጋን በ1851 የቃላት አማካይ ርዝመት ጸሐፊን ሊለይ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ሜንደንሆል ግን በአማካይ ብቻ አልረካም። ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት እያለ በየሺሁ ቃል ውስጥ ስንት ስንት እንደሚገኙ ቆጥሮ በግራፍ አሰፈረ፤ ጥናቱንም በ1887 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተመ።

በ1963 የኢኮኖሚ ባለሙያው ክላውድ ብሪኔጋር ይህንኑ ቆጠራ በአሥሩ ደብዳቤዎች ላይ ሞከረው። በቅድሚያ የትዌይን የታወቁ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን መረመረ። ችኩል ቆጣሪ የሚዘለው ይህን እርምጃ ነው። ከዚያም ከስኖድግራስ ጋር ሲያነጻጽራቸው ልዩነቱ አጋጣሚ ሊያመጣው ከሚችለው እጅግ በለጠ፤ ደብዳቤዎቹ የትዌይን አይደሉም ሲልም ደመደመ።

ቆጠራው ቢመሳሰል ኖሮ ግን ማስረጃው እንዲህ ባልጠነከረ ነበር። ሁለት ጭነት ጠጠር በወንፊት እኩል ስላለፈ ከአንድ ካባ ወጣ አይባልም። ስኖድግራስ ማን እንደነበረም ቆጠራው አልተናገረም።