የዓባይ መልካ አሸዋ በሞጣና በቢቸና ሕዝብ ኑሮ

የዛሬው ንግግራችን ስለ አሸዋ ነው። «አሸዋ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ቆይታችሁ ስሙ። ኋላም በእጃችሁ የያዛችሁትን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ባሕር ያላቸው አገሮች ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ አላቸው። ሰው እዚያ ዓሣ ያጠምዳል፤ ዕቃ ይጭናል፤ ያራግፋል፤ እንግዳ ይቀበላል። የሞጣና የቢቸና ሰው ባሕር የለውም። ዓባይ ግን አለው። በበጋ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ከገደሉ ሥር ብቅ ይላል። ላባቶቻችን ወደባቸው ይህ ነበር። መሻገሪያውን መልካ ይሉታል። መልካ ማለት ወንዙ ሰፍቶ፣ ጥልቀቱ ቀንሶ፣ ሰውና ከብት በእግር የሚሻገርበት ቦታ ነው።

መልካና አሸዋ ለምን አብረው ይገኛሉ? ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ በጠባብ ቦታ ሲሮጥ ኃይል አለው፤ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል። ሰፊ ቦታ ሲደርስ ግን ይደክማል። የተሸከመውንም ያወርዳል። ስለዚህ ብዙ አሸዋ በተኛበት አካባቢ ብዙ ጊዜ ውሃው የሳሳ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶች ይህን ከወንዙ ተምረውታል።

አሁን አገሩን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ይዞራል። ከሞጣ ወደ ሰሜን ብትወርዱ ማዶው እስቴ ነው፤ የጎንደር አገር። ከቢቸና ወደ ምሥራቅ ብትወርዱ ማዶው ወሎ ነው፤ ቦረናና ሳይንት። ቁልቁለቱ ግን የዋዛ አይደለም። በብዙ ቦታ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ደጋውን ለቆ የወረደ ሰው ቆላው ሲደርስ ሙቀቱና ወባው ይጠብቁታል፤ በውሃው ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

የዓባይ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት አሸዋው በጎርፍ ይሸፈናል፤ መልካው ይዘጋል። ከማዶ የተዳረች ልጅ ወላጆቿን አታይም። የሞተ ዘመድ ቢኖር ለቅሶ መድረስ አይቻልም። ነጋዴም ጭነቱን አራግፎ ይቀመጣል። ክረምቱ አልፎ አሸዋው ሲገለጥ ግን አገር ይንቀሳቀሳል። ገበያው፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ የዘመድ ጥየቃው ሁሉ መንገድ ያገኛል።

በመልካው የተሻገረው የሰፈር ሰው ብቻ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ፣ ባሶ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌ ያን ጊዜ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ገዢዎችም በመሻገሪያው ላይ ኬላ አቁመው ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። አሳዛኙም ነገር መነገር አለበት። በባርነት የተያዙ ሰዎችም በእነዚህ መልካዎች ይነዱ ነበር። ላንዱ የትርፍ መንገድ የሆነው አሸዋ ለሌላው ካገሩ የተለየበት ነው።

ታዲያ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ብቻውን የሚሻገር ጥቂት ነው። መንገደኛው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ጓደኛ ይጠብቃል። ሰው ሲበረክት ወንዙን የሚያውቅ ቀድሞ ይገባል፤ በዱላው ጥልቀቱን ይለካል። ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይከተሉታል። ውሃው ከፍ ያለ እንደሆነ ስልቻ ነፍተው፣ እሱን ታቅፈው የሚሻገሩ ነበሩ። አዞ እንዳይቀርብም ይጮኻሉ፤ ድንጋይ ይወረውራሉ። ልብ በሉ! አንዱ የጎጃም፣ አንዱ የወሎ፣ አንዱ የጎንደር ሰው ነው። ምናልባት ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ወንዙ ውስጥ ግን አንዱ የሌላውን እጅ ከለቀቀ ሁለቱም ይወሰዳሉ።

መልካ በክረምት አያገለግልም። ለክረምት ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድይ ደግሞ አሸዋ ላይ አይቆምም፤ ወንዙ በጠበበበት፣ ቋጥኝ ባለበት ቦታ ይሠራል። ከሞጣ በስተሰሜን እንዲህ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ድልድይ እንደተሠራ ይነገራል። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነው። ይህ ድልድይ ዛሬ «ሰባራ ድልድይ» በሚለው ስሙ ይታወቃል።

የተሰበረውስ እንዴት ነው? በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ወረረ። እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። በዚያ የጦርነት ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ የድልድዩ ቅስት ተቆረጠ። በቢቸና በኩልም አባ ኮስትር በላይ ዘለቀና ተከታዮቻቸው የዓባይን በረሃ ምሽግ አድርገው ተዋጉ። መልካውን የሚያውቅ አርበኛ ከጎጃም ወሎ፣ ከወሎ ጎጃም ይሻገራል። መልካውን የማያውቅ ጠላት ግን ገደሉ ራሱ ይዋጋዋል።

ጠላት ወጣ፤ አገር ነፃ ሆነ። ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ክፍተቱ ከ60 ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። ሕዝቡ ምን አደረገ? በክፍተቱ ላይ ገመድ ወረወረ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል። በዚህኛውና በዚያኛው ወገን የቆሙ ጎልማሶች ይጎትቱታል። ከሥሩ ዓባይ ይጮኻል። ገመዱ ቢበጠስ ወይም ጎታቹ ቢለቅ መመለሻ የለም። ያም ሆኖ ሰው መሻገሩን አልተወም፤ ገበያውና ዘመዱ ማዶ ነውና።

የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባል መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባሉ አሜሪካዊ በ1993 ዓ.ም. ምስሉን አዩና ዝም ብለው አላለፉም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ቁሳቁሱ በአህያ ተጭኖ ወረደ። ያካባቢው ሰውም አብሮ ሠራ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ ተጠገነ። በ1997 ዓ.ም. ግን ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ከውሃው ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከልም፣ በዋናው የመኪና መንገድ ላይ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል።

እንግዲህ ድልድይ ሲመጣ አሸዋው ተረሳ ማለት ነው? አይደለም። አሸዋው ዛሬም ይናገራል። ከየት እንደመጣ አስቡ። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉት ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እርከን በሌለው ማሳ ላይ ዝናብ ሲወርድ ለም አፈሩ ይታጠባል። ደቃቁ አፈር ከውሃው ጋር ርቆ ይሄዳል፤ ከባዱ አሸዋ መንገድ ላይ ይቀራል። በየዓመቱ ዓባይ ከአገራችን የሚያወርደው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ በወንዙ ዳር አዲስ አሸዋ ያየ ገበሬ «ይህ ከማን ማሳ መጣ?» ብሎ ይጠይቅ። ምናልባት ከራሱ ይሆናል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ነገሥታቱ ድልድይ ሲያሠሩ ስማቸው በመጽሐፍ ተጽፏል። ገመድ የጎተቱት፣ በዱላ ጥልቀት የለኩት፣ ለማያውቁት ሰው እጃቸውን የዘረጉት ግን አልተጻፉም። መልካዎቹም ስም አላቸው፤ ብዙዎቹን ስሞች የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ሲያልፍ ስሙም አብሮት ያልፋል። እናንተ ደግሞ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ባካባቢያችሁ ያሉ አባት ወይም እናት ጠይቁ። «በየትኛው መልካ ትሻገሩ ነበር? ማን ያሻግራችሁ ነበር? ማን በውሃ ተወሰደ?» በሏቸው። የሚነግሯችሁን ስም በደብተራችሁ ላይ በጥንቃቄ ጻፉት። ከዚያም መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ያልተስተካከለ ካለ ያርሟችኋል።