ያቃጠለ እጅ ያተረፈው ፊደል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። መጽሐፉ ራሱ በእሳት ሲጠፋ ግን ለወራሹ ምን ይቀረዋል? ይህን ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው በአሜሪካ ምድር በካሪቢያን ባሕር ዳር የሚኖረው የማያ ሕዝብ ታሪክ መልስ ይሰጠዋል። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተነገረ ነው።

ዩካታን በሜክሲኮ አገር በስተምሥራቅ ወደ ባሕር የገባ ሞቃት ምድር ነው። በምሥራቁ ዳርቻ አሸዋው እንደ ዱቄት የነጣ፥ ውኃውም እስከ ታች ድረስ የሚያሳይ ነው። ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶች ከገላቸው በሚወጣው ኖራ የገነቡት አለት እስከ ሆንዱራስ ድረስ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ የማዕበሉን ኀይል ይሰብራል። ከዚሁ ባሕር በላይ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ ቱሉም የምትባለው የማያ ከተማ ፍርስራሽ ይታያል። ከተማዪቱን በአንድ ወገን ባሕሩ፥ በሦስት ወገን የድንጋይ ቅጥር ይጠብቃት ነበር። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ በደመቀችበት ጊዜ ነጋዴዎች በታንኳ እየቀዘፉ ባልጩትና ጨው ያመጡባት ነበር፤ 16ኛው መቶ ዓመት ሳያልቅ ግን ባዶዋን ቀረች።

ዛሬ በባሕሩ ሊዋኝ የመጣ እንግዳ በዚያ ቅጥር ውስጥ እየተመላለሰ የሕንጻውን ሥራ ያደንቃል። የሠሪዎቹን ሐሳብ ለማወቅ ሲሻ ግን መጻሕፍቶቻቸው ወዴት እንደ ደረሱ መጠየቅ ይገባዋል።

የማያ ጸሐፊዎች ከሾላ ወገን ከሆነ ዛፍ ልጥ ወረቀት እያበጁ፥ በኖራ እየለሰኑ፥ እንደ ሰንሱልም እያጠፉ መጽሐፍ ያደርጉት ነበር። በውስጡም የአማልክቶቻቸውን ነገርና የከዋክብትን አካሄድ ይጽፉ ነበር። ዓመታቸው ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው 18 ወሮችና እንደ ጳጕሜን ያሉ 5 ትርፍ ቀኖች ነበሩት። ዝሁራ የምትባለው አጥቢያ ኮከብ ዙርዋን በ584 ቀን እንደምትፈጽም፥ አምስቱም ዙር ከስምንት ዓመት ጋራ እንደሚገጥም መርምረው ጽፈዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ያውቃል።

እስፓንያውያን አገሩን ከያዙ በኋላ በ1549 ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለ የፍራንሲስካን መነኵሴ ለማስተማር ወደ ዩካታን መጣ። ቋንቋውንም ፈጥኖ ተማረ። ነገር ግን የተጠመቁት ሰዎች በስውር ለጣዖት ይሠዋሉ የሚል ወሬ በደረሰው ጊዜ ቍጣው ነደደ፤ ብዙዎችን አሳስሮ አስገረፈ፥ በሥቃዩም የሞቱ ነበሩ። በ1562 ማኒ በምትባለው ከተማ ከጣዖቶቹ ጋራ መጻሕፍቱን ሰብስቦ በአደባባይ አቃጠለ። ሕዝቡ ስለ መጻሕፍቱ እጅግ እንዳዘነ የጻፈው ራሱ ላንዳ ነው። በዚያው ዓመት የመጣው ጳጳስ ፍራንሲስኮ ደ ቶራል ይህን ሥራ ነቀፈ፤ ላንዳም ስለ ሥራው መልስ ሊሰጥ ወደ እስፓንያ ተመለሰ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁት የጥንት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው።

ላንዳ በ1566 ገደማ በእስፓንያ ሳለ ስለ ዩካታን ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያቃጠላቸውን መጻሕፍት ፊደልም በዚያ አኖረ። አስቀድሞ አንድ የማያ ጸሐፊ የእስፓንያን ፊደል በየስሙ እየሰማ በራሱ ምልክት እንዲጽፍ አድርጎ ነበር። ላንዳ «ቤ» ሲል ጸሐፊው የሰማውን «ቤ» የሚለውን ድምፅ ጻፈ። ላንዳ ግን ምልክቱን እንደ ላቲን ፊደል ተነባቢ ብቻ የያዘ መስሎት መዘገበው። «በ፥ ቡ፥ ቢ» እያለ የቈጠረ ልጅ ይህ ስሕተት አያስቸግረውም፤ ብዙ የማያ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት የሚይዝ ነበርና። ሙሉ ቃል የሚያመለክቱም ሌሎች ምልክቶች ነበሩ።

መጽሐፉም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ተረስቶ ቈየ። ብራሴር ደ ቡርቡር የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ ግልባጩን በማድሪድ አግኝቶ በ1864 አሳተመው። ሊቃውንት በዚያ ፊደል የማያን ጽሕፈት ለማንበብ ሞክረው አልሆንላቸው ስላለ ብዙዎች ከንቱ ነው ብለው ተዉት። በ1952 ግን ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሌኒንግራድ ሊቅ፥ የማያን ምድር በዓይኑ ሳያይ፥ ምልክቶቹ እንደ «ቤ» ያለ ሙሉ ድምፅ የሚይዙ መሆናቸውን ገለጠ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ሥራውን ቀጠሉ፤ የነገሥታቱ ልደት፥ ጦርነታቸውና ሞታቸው ከድንጋዩ ላይ ተነበበ።

ላንዳ ጳጳስ ሆኖ በ1573 ወደ ዩካታን ተመለሰ፤ በ1579ም ዐረፈ። የሚከሰውም የሚያመሰግነውም ምስክር አንድ ነው፤ እርሱም በእጁ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በማኒ ዐመድ የሆነውን አንዱንም ቅጠል አልመለሰውም። የማያን ቋንቋዎች ዛሬም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ይናገሯቸዋል፤ አባቶቻቸው በዚያ ቅጠል ላይ ምን ጽፈው እንደ ነበር ግን የሚነግራቸው የለም።

በላንዳ መጽሐፍ ውስጥ በማያ ጽሕፈት ለምሳሌ የተጻፈ አጭር ቃል አለ፤ «ማ ኢን ካቲ» ይላል። ትርጓሜው «አልፈልግም» ማለት ነው።