የውጭ ኩባንያዎች የንግድ ምዝገባ፤ ከጦርነቱ ማግስት ወዲህ የወጡ ሕጎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

በአርሲ ዞን የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሳጉሬ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ገብስና ስንዴ በስፋት የሚመረትበት አካባቢ ማዕከል ናት። የቢራ ገብስ ተፈላጊነት እየጨመረ በመምጣቱ የደጋው አርሶ አደር ምርት ከውጭ ባለሀብቶች ጋር በቅርብ ተሳስሯል። በዚህም ምክንያት የውጭ ኩባንያ በምን ሕግና በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመዘገብ ማወቅ ለወረዳና ለዞን የሥራ ኃላፊዎች አስፈላጊ ሆኗል።

የሕጉ አመጣጥ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መዝገብን ሥርዓት ደንግጎ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጭላሎ አውራጃ ሥራ የጀመረው ካዱ ግን ወደ አካባቢው የመጣው በንግድ ምዝገባ ሳይሆን በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ነው። በ1967 ዓ.ም. በርካታ የግልና የውጭ ድርጅቶች በመንግሥት ተወረሱ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ የሽግግር መንግሥቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 15/1984ን በማውጣት ለውጭ ካፒታል በር ከፈተ። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 37/1988፣ 280/1994፣ 769/2005 እና 1180/2012 በየጊዜው ተተክቷል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጉዳይም በአዋጅ ቁጥር 67/1989፣ 686/2002 እና 980/2008 ተደንግጓል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም በከፊል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በአዲስ ተተክቷል።

ሦስቱ የአመጣጥ መንገዶች

አንደኛው፣ በኢትዮጵያ ሕግ አዲስ ኩባንያ ማቋቋም ነው። ኩባንያው ባለቤቶቹ የውጭ ዜጎች ቢሆኑም ኢትዮጵያዊ የሕግ ሰውነት ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን የገዛው ሄኒከን በአገር ውስጥ በአክሲዮን ማኅበርነት መሥራቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በውጭ አገር የተቋቋመ ኩባንያ የሚከፍተው ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም። በመሆኑም የተረጋገጠ የምሥረታ ማስረጃ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍና የመተዳደሪያ ደንብ፣ ቅርንጫፍ ለመክፈት የተላለፈ ውሳኔ እንዲሁም የወኪል ሹመት ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው፣ የንግድ እንደራሴ ነው። እንደራሴው የላከውን ድርጅት ምርት ያስተዋውቃል እንጂ በራሱ ምርት ሊገዛና ሊሸጥ አይችልም። የእንደራሴነት የምስክር ወረቀት የንግድ ሥራ ፈቃድን አይተካም።

የካፒታል መጠን

በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት፣ ብቻውን የሚሠራ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ የአሜሪካን ዶላር መመደብ አለበት። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በቅንጅት ሲሠራ መጠኑ ወደ 150 ሺህ ዶላር ዝቅ ይላል። ትርፉን መልሶ ኢንቨስት የሚያደርግ ባለሀብት ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል።

የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የቆየ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 በተወሰኑ መስፈርቶች ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት አድርጎታል።

የወረዳው ድርሻ

ለውጭ ባለሀብት የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ የንግድ ምዝገባንና ፈቃድን በአንድ ማዕከል አገልግሎት ያስተናግዳል። በመሆኑም ባለሀብቱ ከአገሩ ይዞት የመጣው የምስክር ወረቀት ብቻውን በኢትዮጵያ ለመነገድ አያበቃውም፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም በዚሁ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሊያስተናግደው አይገባም።

በሌላ በኩል የኮሚሽኑ ፈቃድ በራሱ የመሬት ይዞታ አያስገኝም። መሬትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ስለዚህ አንድ ገዥ ከአርሶ አደሮች ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የግዥ ውል ከመፈራረሙ በፊት የምዝገባ ቁጥሩን፣ በፈቃዱ ላይ የተመለከተውን የሥራ መስክ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የፈራሚውን ውክልና ማጣራት ይገባል። በዋና መዝገብ ያልሰፈረ ገዥ ምርቱን ጭኖ ክፍያውን ቢያስቀር፣ አርሶ አደሩ በአገር ውስጥ አድራሻው የታወቀ ተከሳሽ ማግኘት ያዳግተዋል። ምዝገባ የውጭውን ባለሀብት መብት የሚያስከብረውን ያህል የአምራቹም ዋስትና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።