ማዕድ ለገበያ ሲወጣ፦ የቅንጦት ምግብ ቤት አመጣጥና ከበስተኋላው ያለው ጉልበት

የምግብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከማዕዱ ከተቀመጠው ወገን ነው። ማን ምን እንደ በላ፣ በየትኛው ዋንጫ እንደ ጠጣ፣ ከማን ጎን እንደ ተቀመጠ በዜና መዋዕልና በደብዳቤ ተመዝግቦ ይገኛል። እንጨቱን የፈለጠው፣ እሳቱን ያነደደው፣ ሳህኑን ያጠበው ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ፣ ጎንበስ ብሎ ትእዛዝ የሚቀበል አሳላፊ ያለበት የቅንጦት ምግብ ቤት ዛሬ በየአገሩ ዋና ከተማ የተለመደ ስለሆነ፣ ሲወርድ ሲዋረድ ከጥንት የመጣ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በካይፈንግና በሃንግዡ ከተሞች እንግዳው የወደደውን መርጦ የሚያዝባቸው ታላላቅ መብል ቤቶች ነበሩ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የተስፋፋው ዓይነት ግን የተወለደበት ከተማና ዘመን ተለይቶ ይታወቃል። ከተማው ፓሪስ ነው፤ ዘመኑም ባላባታዊው ሥርዓት ተሰነጣጥቆ የከበርቴው መደብ የበላይነቱን የያዘበት የአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። (የአውሮፓ ታሪክ ዘመናት በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ተሰጥተዋል።)

ከዚያ በፊት በፈረንሣይ ምርጥ ምግብ የሚበላው በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ በንጉሡ ቤትና በመኳንንቱ ግቢ። ታላቅ ወጥ ሠሪ የአንድ ጌታ ሎሌ ነበር። ሙያው ከጌታው ፈረስና ሠረገላ ጋር ይቆጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በከተማው ውስጥ መንገደኛው የሚመገበው በማረፊያ ቤቶች ነበር። በእነዚህም ቤቶች ሰዓቱ የተወሰነ፣ ገበታው የጋራ፣ ዋጋው አንድ ሲሆን እንግዳው የቀረበለትን ከመብላት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ዘግይቶ የመጣም ሆነ እጁ ያጠረ ትራፊ ይደርሰዋል። የበሰለ ምግብ ሽያጭ ደግሞ በሙያ ማኅበራት ተከፋፍሎ የተያዘ ነበር፤ ጠባሹ፣ የአሳማ ሥጋ አዘጋጁ፣ ወጥ ሠሪው እያንዳንዳቸው ከንጉሡ የተሰጣቸው መብት ነበራቸው።

«ሬስቶራንት» የሚለው ቃል ራሱ በመጀመሪያ የቦታ ስም አልነበረም። ሰውነትን የሚጠግን፣ አቅም የሚመልስ ማለት ሲሆን፣ ስሙም ለብዙ ሰዓት ተንተክትኮ ለተጣራ የሥጋ መረቅ የተሰጠ ነበር። በ1760ዎቹ ውስጥ ደረታቸው ደከመ፣ ሆዳቸው ታወከ ለሚሉ የፓሪስ ሰዎች ይህን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች ተከፈቱ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል በ1766 ገደማ ማቱራን ሮዝ ደ ሻንትዋዞ የተባለ ሰው የከፈተው ይገኝበታል። ለረጅም ጊዜ የፈጣሪነቱ ክብር ቡላንዤ ለተባለ መረቅ ሻጭ ይሰጥ ነበር፤ የበግ እግር በነጭ ስልስ ሠርቶ በመሸጡ ማኅበረኞቹ ከስሰውት ረታቸው ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክ መርማሪዎች መዛግብቱን ሲያገላብጡ ለዚህ ወሬ ማስረጃ አላገኙም። አዲሱ ነገር መረቁ አልነበረም፤ አቀራረቡ ነበር። እንግዳው በፈለገው ሰዓት ይመጣል፤ ለብቻው ወይም ከወዳጆቹ ጋር በትንሽ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ዋጋው ከየምግቡ አንጻር የተጻፈበት ዝርዝር ይቀርብለታል፤ የመረጠውን በልቶ የበላውን ብቻ ይከፍላል። የጋራው ገበታ ተከፋፈለ፤ ምርጫም ሸቀጥ ሆነ።

ይህን የመረቅ ቤት ወደ ቅንጦት አዳራሽ ከለወጡት ሰዎች ቀዳሚው አንቷን ቦቪሊዬ ነው። ቦቪሊዬ የንጉሡ ወንድም የነበረው የፕሮቫንስ ቆንት ወጥ ሠሪ ነበር። በ1780ዎቹ በሪሽልዬ መንገድ የከፈተው «ታላቁ የለንደን መሸታ ቤት» ያማረ አዳራሽ፣ በወግ የለበሱ አሳላፊዎች፣ የተመረጠ የወይን ጠጅና የመሳፍንት ወጥ ቤት ነበረው። ብሪያ-ሳቫረን በ1825 በታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ሰው የተወው ሥዕል እስከ ዛሬ የሚያስገርም ነው። ቦቪሊዬ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘዋወራል፤ የእንግዶቹን ስም ከብዙ ዓመት በኋላም አይረሳም፤ ይህ ይቅርብዎ፣ ያንን ይቅመሱ እያለ ይመክራል፤ የጓዳውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ልዩ የወይን ጠጅ ያስመጣል። ሁኔታው ሁሉ በገዛ ቤቱ ወዳጆቹን የሚጋብዝ ጌታ ያስመስለዋል። ጥቂት ቆይቶ ግን ከፊት ይሰወርና ሒሳቡ ይመጣል፤ እንግዳውም የዚያን ጊዜ መጋበዝ ሳይሆን መገበያየት እንደ ነበረ ይረዳል።

የቅንጦት ምግብ ቤት ምሥጢር በዚህች አጭር ትዕይንት ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። የሚሸጠው ሥጋና ወይን ብቻ አይደለም። በገንዘብ የሚሸጠው ጌትነት ነው። በውርስ ርስትና ማዕረግ ያላገኘ ነጋዴ፣ ጠበቃ ወይም የገንዘብ አበዳሪ ለሁለት ሰዓት ያህል እንደ መስፍን ይስተናገዳል። ሰዓቱ ሲያልቅ አዳራሹን ለተረኛ ይለቃል።

የ1789 አብዮት ይህን ሂደት አፋጠነው። ባስቲይ በተሰበረ በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 17፣ የኮንዴ መስፍን አገሩን ጥሎ ሸሸ፤ ሌሎች መኳንንትም ተከተሉ። ጌቶቻቸው ሲሰደዱ ሥራ ያጡ ወጥ ሠሪዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ገበያ ወጡ፤ የኮንዴ ወጥ ቤት አለቃ የነበረው ሮቤር የራሱን ምግብ ቤት ከከፈቱት አንዱ ነበር። በ1791 የወጣው ሕግ ደግሞ የሙያ ማኅበራትን መብት ሻረ፤ ግብር የከፈለ ሁሉ የወደደውን አብስሎ መሸጥ ቻለ። በሌላ በኩል ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት የሕዝብ እንደራሴዎች በፓሪስ ቤትና ወጥ ቤት ስላልነበራቸው በምግብ ቤት መሰብሰብን ለመዱ። ግሪሞ ደ ላ ሬኒዬር ከ1803 ጀምሮ ባሳተመው የምግብ ዓመታዊ መጽሐፍ ለምግብ ቤቶቹ መብዛት ከሰጣቸው ምክንያቶች መካከል እነዚህ ሁለቱ፣ የወጥ ሠሪዎቹ ጌታ ማጣትና የእንደራሴዎቹ መምጣት፣ ይገኙበታል። የምግብ ቤት ሒስ የሚባለውም ጽሑፍ የተጀመረው በዚሁ ሰው ነው።

በፓሌ-ርዋያል ዙሪያ የተኮለኮሉት ምግብ ቤቶች የፖለቲካ መድረክም ሆኑ። ጥር 20 ቀን 1793 ምሽት፣ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በሚገደልበት ዋዜማ፣ በንጉሡ ላይ የሞት ድምፅ የሰጠው እንደራሴ ለፔልቲዬ ደ ሳን-ፋርዦ በፌቭሪዬ ምግብ ቤት ሳለ የቀድሞ የንጉሥ ዘበኛ በነበረ ሰው በሰይፍ ተወግቶ ሞተ። ሠዓሊው ዣክ-ሉዊ ዳቪድ ሬሳውን የአብዮቱ ሰማዕት አድርጎ ሣለው፤ ሥዕሉ ኋላ ጠፍቶ ዛሬ የሚታወቀው በቅጂ ነው።

ይሁን እንጂ አብዮቱን ያነሣሣው የምግብ ዝርዝር አልነበረም፤ ዳቦ ነበር። በዚያን ዘመን የፓሪስ ሠራተኛ በደህናው ጊዜ እንኳ ከገቢው ግማሽ ያህሉን የሚያወጣው ለዳቦ ነበር። ጥቅምት 5 ቀን 1789 ሴቶቹ በዝናብ ወደ ቬርሳይ የተጓዙት ዳቦ ስላጡ ነው። በመስከረም 1793 የወጣው የዋጋ ጣሪያ ሕግ እህልንና ሌሎች አስፈላጊ ሸቀጦችን ተቆጣጠረ። በታኅሣሥ 1794 ሕጉ ሲሻር ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ተከትሎ የመጣው ብርቱ ክረምትም የድኻውን ሠፈር በረሀብ ቀጣ። በ1795 ጸደይ የፓሪስ ጭቁን ሕዝብ ሁለት ጊዜ የእንደራሴዎቹን ሸንጎ ጥሶ ገባ፤ ጥያቄውም ዳቦና የ1793ቱ ሕገ መንግሥት ነበር። በዚያው ወራት የፓሌ-ርዋያል ምግብ ቤቶች በአዲስ ሀብታሞች ተሞልተው ነበር። ባላባቱ ከማዕዱ ተነሥቷል፤ በወንበሩ የተቀመጠው ግን ባስቲይን የሰበረው ሠርቶ አደር አልነበረም።

ይህ ቅራኔ ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ በግልጽ ታየ። ከመስከረም 1870 እስከ ጥር 1871 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን በከበበ ጊዜ ድኻው ለዳቦ ወረፋ ይዞ በብርድ ይቆም፣ የአይጥ ሥጋ እስከ መብላትም ይደርስ ነበር። ቯዛን የተባለው ስመ ጥር ምግብ ቤት ግን ከበባው በገባ በ99ኛው ቀን፣ በገና ዕለት፣ የግመልና የካንጋሮ ሥጋ የሚገኝበት የምግብ ዝርዝር ከጥሩ የወይን ጠጅ ጋር አቀረበ። ከበባው በተነሣ በሁለት ወር ውስጥ፣ መጋቢት 18 ቀን 1871፣ የፓሪስ ሠርቶ አደር ተነሥቶ ኮሚዩንን አቆመ። ኮሚዩኑን የወለዱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የዚያ ክረምት ወረፋ ግን አንዱ ነበር።

የአዳራሹን ያህል ታሪክ ያለው የወጥ ቤቱ በር ነው። ኦጉስት ኤስኮፊዬ ከ1890 ጀምሮ በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ከሴዛር ሪትዝ ጋር ሲሠራ የወጥ ቤቱን ሥራ እንደ ጦር ክፍል አደራጀው። ለስልሱ፣ ለጥብሱ፣ ለዓሣው፣ ለጣፋጩ የየራሱ ሠራተኛ ተመደበለት። ቀድሞ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራው የነበረው ምግብ በብዙ እጅ ተቀባብሎ በጥቂት ደቂቃ ተሠርቶ ወጣ። ይህ የፋብሪካ የሥራ ክፍፍል ወደ ምድጃ መግባቱ ነው። ኤስኮፊዬ ኋላ በመራው የካርልተን ሆቴል ወጥ ቤት የቬትናም አብዮት መሪ ሆ ቺ ሚን በወጣትነቱ ሠርቶ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሆቴሉ በነበረበት ቦታ በተሠራው ሕንፃ ላይም መታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎለታል።

ጆርጅ ኦርዌል በ1933 ባሳተመው የፓሪስና የለንደን የድኽነት ኑሮ መጽሐፉ ሳህን አጣቢ ሆኖ የሠራበትን የፓሪስ ሆቴል ይገልጻል። ከመሬት በታች ወበቅ፣ እድፍና ስድብ ነበር። ከበሩ ማዶ ምንጣፍ፣ አበባና ጸጥታ ነበር። አሳላፊው በሩን ሲያልፍ ትከሻው፣ ፊቱና አነጋገሩ በአንድ ቅጽበት ይለወጥ ነበር። የቴያትር ሰው መድረክና መጋረጃ የሚለውን፣ የምግብ ቤት ሰው አዳራሽና በር ይለዋል።

አሳላፊዎቹ ግን ዝም ብለው የኖሩ አልነበሩም። በሚያዝያ 1907 የፓሪስ አሳላፊዎች ሥራ አቆሙ። ከደመወዝና ከዕረፍት ቀን ጥያቄያቸው ጋር አንድ የሚያስቅ የሚመስል ነገር ጨመሩ፤ ጺም የማሳደግ መብት። በዚያ ዘመን በፈረንሣይ ጺም የወንድ ክብር ምልክት ሲሆን፣ አሳላፊ ግን እንደ ሎሌ እንዲላጭ ይገደድ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የፀጉር አልነበረም፤ የሰውነት ነበር። ጺማቸውንም አስከበሩ። በሰኔ 1936 በፈረንሣይ በተነሣው ታላቅ የሥራ ማቆም የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞችም ተሳታፊ ነበሩ። በዚያም በጋ ለፈረንሣይ ሠራተኞች በሳምንት የ40 ሰዓት ሥራና በዓመት የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት ሕግ ወጣ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአማርኛ «ግብር» ማለት ገበሬው ለጌታው የሚገብረው ነው፤ «ግብር» ማለት ጌታው በአዳራሹ የሚያበላው ነው። ሁለቱ አንድ ስም መያዛቸው በአጋጣሚ አይመስልም። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው በየተራው እየገባ ጥሬ ሥጋና ጠጅ ሲቀርብለት፣ አቀማመጡም ብልቱም በማዕረግ ነበር። ገንዘብ የሚከፍል ባይኖርም ዋጋው ቀድሞ በገበሬው ትከሻ ተከፍሎ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልእክተኛና ነጋዴ በአዲስ አበባ ሲበዛ እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አቋቋሙ። ምግብን በገንዘብ መሸጥም መግዛትም እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር መኳንንቱ መግባት አፍረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው ሒሳብ በመክፈል አርአያ እንደ ሆኑላቸው በአፈ ታሪክ ይነገራል። በቦቪሊዬ አዳራሽ ከንግድ ላይ የግብዣ ልብስ ተደርቦ ነበር፤ በእቴጌ ሆቴል ግን ግብዣው ንግድ መሆኑን መቀበል ነበር ያስቸገረው።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ቃል ትርጉሙን አስፍቷል። «ጉርሻ» በገዛ እጅ ጠቅልሎ ለወዳጅ አፍ የሚሰጥ የፍቅር ምልክት ነበር፤ ነውም። በምግብ ቤት ግን ለአሳላፊው የሚጣል ሳንቲም ሆነ። በፈረንሣይ ያው ሳንቲም «ለመጠጫ» ተብሎ ይጠራል። ስሙ ምንም ቢሆን በብዙ አገር የአሳላፊውን ዕለታዊ እንጀራ ከመብት ወደ ቸርነት አውርዶታል፤ የ1907ቱ አሳላፊዎችም በሥራ ማቆማቸው የተቃወሙት ይህንን መሰሉን ውርደት ነበር።

ጥሩ ምግብ ጥበብ ነው። ስልሱን ያጠራ፣ ጠላውን የጠመቀ፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ያወጣ እጅ እንደ ሠዓሊና እንደ ገጣሚ እጅ ይከበራል። ከአብዮቱ የወጡት ወጥ ሠሪዎች ይህን ጥበብ ከጌቶች ግቢ አውጥተው አደባባይ ማድረሳቸው ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም አደባባዩ የደረሰው የሚከፍለው ሰው ጠረጴዛ ድረስ ብቻ ነው። ቀሪው መንገድ ከወጥ ቤቱ በር ወዲያ ላለው ሰው ነው፤ እርሱም ያበሰለውን ተቀምጦ የሚበላበት፣ ስሙም በዜና መዋዕሉ የሚገባበት መንገድ ነው።