ስለ አርማታ ግድግዳ መልክ

በአሜሪካ አገር፥ በቺካጎ አጠገብ ባለችው በኦክ ፓርክ ከተማ፥ በ1905 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) መብረቅ አንዲት ቤተ ጸሎት አቃጠለ። ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረ መሐንዲሱ ፍራንክ ሎይድ ራይት አዲሱን ሕንፃ፥ ዩኒቲ ቴምፕል የተባለውን፥ በአርማታ ሠራው። ግድግዳውንም በልስን አልሸፈነውም፤ የላይኛውን ሲሚንቶ አስወግዶ በውስጡ ያለውን ጠጠር ገለጠው እንጂ። ስለዚህ ጌጡ ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከግድግዳው ከራሱ የወጣ ሆነ።

ነገር ግን አርማታም ጠባቂ ይሻል፤ ፊቱ በዘመን ብዛት ስለ ተጐዳ በ1970ዎቹ እንደገና ተለበጠ፤ ከ2015 እስከ 2017 ደግሞ ታላቅ እድሳት ተደረገለት።

እንግዲህ ቤት የሚሠራ ሰው የግድግዳውን መልክ ከመሠረቱ ጋር አስቀድሞ ይምረጥ፤ ጠጠሩና አሸዋው ተቦክተው ከደረቁ በኋላ የምርጫው ጊዜ ያልፋልና።