አልቫሬዝ በኢትዮጵያ፥ ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን
ስለ ባይተዋርነት የቀረበ የታሪክ ጥናት

ከአገሩ ወጥቶ በማያውቀው ሕዝብ መካከል የሚቀመጥ ሰው የሚደርስበትን መደናገርና ጭንቀት የዘመናችን ሊቃውንት «የባህል ድንጋጤ» ብለው ሰይመውታል። ስሙን በሰፊው ያሳወቀው ካለርቮ ኦበርግ የተባለው የሰው ልጅ ባህል ጥናት ሊቅ ነው። ኦበርግ በ1954 በብራዚል በሪዮ ደ ጃኔሮ ባደረገውና በ1960 ታትሞ በወጣው ንግግሩ፥ ነገሩን ከአገራቸው ተነቅለው ወደ ሌላ ምድር የተተከሉ ሰዎች የሙያ በሽታ ነው በማለት ምልክቶቹን እንደ ሐኪም ዘርዝሯል። እጅን ያለ ልክ መታጠብ፥ ስለሚጠጣው ውሃና ስለሚበላው ምግብ መሥጋት፥ በባለ አገሮቹ ላይ መበሳጨት፥ በመጨረሻም ክፉኛ የአገር ናፍቆት ናቸው። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ ሰው ሳያስበው የሚመራባቸው ብዙ ምልክቶች፥ ይኸውም ሰላምታ መቼ እንደሚሰጥ፥ ግብዣ መቼ እንደሚቀበሉና መቼ እንደማይቀበሉ የሚያስታውቁት ሁሉ፥ በአንድ ጊዜ ስለሚጠፉበት ነው ይላል።

ኦበርግ በይበልጥ የመረመረው ግን የእንግዳውን ውስጥ ነው። በአማርኛ ባይተዋር የሚለው ቃል ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ባይተዋር ማለት አገሩን የማያውቅ ብቻ ሳይሆን አገሩም የማያውቀው ሰው ነውና። ይህን ሁለተኛውን ወገን ለመመርመር፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያና ፖርቱጋል የተለዋወጧቸውን ሁለት ካህናት ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመልእክቱ መነሻ እቴጌ እሌኒ ናቸው። እቴጌይቱ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከውት በ1514 ሊዝቦን ገባ። በመንገድ ላይ ሰላይ ነው፥ አታላይ ነው እየተባለ ብዙ ተንገላታ። የመልሱ ልዑካን በሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት ምጽዋ የደረሱት ሚያዝያ 1520 ሲሆን፥ ማቴዎስም አብሮ ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይሰነብት በደብረ ቢዘን አጠገብ ሞተ። ከልዑካኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበረ። ለአጭር ጊዜ የመጡት እነዚህ ሰዎች የሚመልሳቸው መርከብ በጊዜው ስላልደረሰ ስድስት ዓመት ተቀመጡ።

አልቫሬዝ ጽሑፉ ቅን ነው። ያስጠላውን አስጠላኝ፥ ያስደነቀውን አስደነቀኝ ይላል። በግብዣ ላይ ጥሬ ሥጋ ከነትኩስ ደሙ፥ ከከብት ሐሞት በተዘጋጀ ማባያ ሲቀርብ ልዑካኑ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከተቆላ ገብስ ዱቄት የተለወሰ ምግብ፥ ዛሬም በሶ የምንለው መሆኑ ነው፥ ቀርቦላቸው ሊበሉት አልቻሉም፤ እየቆዩ ሲሄዱ ግን ወደውት የሚበሉት ሆኑ። የጠጁ ቀንድ ከእጅ ወደ እጅ ያለ ማቋረጥ ሲዞር ደግሞ የመጠጡ ብዛት ያስጨንቃቸው ነበር። የነገሥታቱ ልጆች ወደሚጠበቁበት ተራራ መንገድ ስተው በተጠጉ ጊዜ ከላይ የወረደባቸው የድንጋይ ናዳ ሊገድላቸው ምንም አልቀረውም። ድንጋዩን የወረወሩት ሰዎች ሕጋቸውን መጠበቃቸው እንጂ እንግዳ መጥላታቸው አልነበረም፤ እንግዳው ግን ይህን በዚያች ሰዓት ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።

በቤተ ክርስቲያን ያየው ነገር ግን ሌላ ነው። ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም፤ በውስጡ ምራቅ አይተፋም፤ ሰው በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም፤ ፈረሰኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ከፈረሱ ይወርዳል። ይህን ሁሉ አልቫሬዝ በአክብሮት ጽፎታል። የጾሙ ጽናት፥ በአክሱም ሌሊት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆመው የሚጸልዩት መነኮሳት ነገር ከአእምሮው አልወጣም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ካየ በኋላ ደግሞ አንድ አዲስ ችግር መጣበት። የጻፈውን የአገሩ ሰዎች እንደማያምኑት ስለ ተረዳ ከዚህ በላይ መጻፍ ሰለቸኝ በማለት፥ የጻፈው እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሎ አለፈ። ባህሉን ያልለመደው እንግዳ ሲጀምር የሚፈራው ያረፈበትን አገር ነበር፤ እዚህ ላይ ግን መፍራት የጀመረው የገዛ አገሩን አንባቢ ነው። ኦበርግ ይህን ዐይነቱን ምልክት ከዝርዝሩ ውስጥ አላገባውም።

ዐፄ ልብነ ድንግል በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ልዑካኑን ፊታቸውን ሳያሳዩ ብዙ ቀን አቆይተዋቸው፥ በመልእክተኛ በኩል ሌሊት ሳይቀር ጥያቄ ይልኩባቸው ነበር። አልቫሬዝን ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ እንዲቆም አድርገው የእያንዳንዱን ልብስ ምስጢር አስረዳ አሉት። ቅዳሴውንም የሚመለከቱ ካህናት ሰደዱ። ስለ ምን አንድ ካህን ብቻውን ይቀድሳል? ስለ ምን በቅዳሴው ሁሉ ዕጣን አይታጠንም? ስለ ምን ከተሰበሰበው ሕዝብ የሚቆርበው ጥቂት ነው? አቡነ ማርቆስም በአንድ ቀን ከ2,000 የሚበልጡ ካህናት ሲሾሙ አልቫሬዝ አይቶ፥ ገና ሕፃናት የሆኑት ዲያቆናት መባላቸውንና አካለ ጎዶሎዎች መሾማቸውን ነቅፎ ሲናገር፥ አረጋዊው ጳጳስ አልተቆጡም፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፥ ከእርሳቸው በኋላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፥ ምክንያቱ ይህ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፖርቱጋላዊው ካህን በድንኳኑ ውስጥ እንደ አገሩ ሥርዐት ይቀድስ ነበር፤ የሚጠይቀው በዛ እንጂ የከለከለው የለም።

ከነዚህ ጥያቄና መልሶች ሁሉ አንዱ ሊታለፍ አይገባውም። በጥር 1521 በጥምቀት በዓል አልቫሬዝ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ተጠርቶ ሄደ። ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ካህን ራቁታቸውን በውሃው ውስጥ ቆመው ሕዝቡን ያጠምቃሉ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፥ ጳጳሱም ሳይቀሩ ተጠመቁ። ንጉሡ ምን ይመስልሃል ብለው ቢጠይቁት፥ አልቫሬዝ በጸሎተ ሃይማኖት «አንዲት ጥምቀት» እንላለን፥ ይህስ አይገባም አለ። ንጉሡም፥ እንግዲያስ ሃይማኖታቸውን ክደው ኋላ ተጸጽተው የሚመለሱት ምን ይሁኑ? አሉት። አልቫሬዝም ትምህርትና ጸሎት ይበቃቸዋል፥ ይህ ካልጠቀመ ግን እንደ መናፍቃን በእሳት ይቃጠሉ ብሎ መለሰ። ጥሬ ሥጋን ማየት ያስጨነቀው ደግ ካህን ይህን ሲናገር ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። ሰው ከአገሩ ይዞት የሚወጣው ነገር ከምግብ ምርጫው ይልቅ በዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት እንደ ፍጹም ደግ አስተናጋጅ መቁጠር ስሕተት ነው። ከአልቫሬዝ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣው ፔሮ ደ ኮቪልያን ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ሰው በ1487 ከአገሩ ተልኮ፥ ብዙ አገር ዞሮ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ርስት ተሰጠው፥ ሚስት አገባ፥ ልጆች ወለደ፥ ቋንቋውን እንደ ተወላጅ ተናገረ፤ እንዳይወጣ ግን ተከለከለ። የአገሩን ሰዎች ባየ ጊዜ አለቀሰ። ለአልቫሬዝም እስከዚያ ቀን ድረስ ለአገሩ ካህናት ምስጢር አይጠብቁም ብሎ እንዳልተናዘዘላቸው፥ ኀጢአቱን የሚነግረው ለእግዚአብሔር ብቻ እንደ ነበረ ገለጸለት። ቋንቋና ትዳር፥ ርስትና ልጅ እያለው በዚህ አንድ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ባይተዋር ሆኖ መኖሩ፥ መልመድ የሚባለው ነገር በሰው ሕይወት ሁሉ እኩል እንደማይደርስ ያሳያል።

በ1526 የልዑካኑ መርከብ ሲመጣ ዐፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የተባለውን ካህን የእርሳቸው መልእክተኛ አድርገው አብሮ ሰደዱት። በሕንድ በኩል አድርገው በሐምሌ 1527 ሊዝቦን ገቡ። አቀባበሉ የክብር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የንጉሡ የነገረ መለኮት ሊቃውንት፥ ዲዮጎ ኦርቲዝና ፔድሮ ማርጋልሆ፥ እየጠሩ ይመረምሩት ጀመር። ከምርመራው በኋላም ሥጋ ወደሙን እንዳይቀበል ተከለከለ።

ይህ ክልከላ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ፖርቱጋል ታሪክ ጥቂት መለስ ማለት ያስፈልጋል። በ1497 ንጉሥ ማኑኤል በአገሩ የነበሩትን አይሁድ በግድ አስጠመቀ። «አዲሶቹ ክርስቲያኖች» የተባሉት እነዚህ ሰዎች በስውር የቀድሞ ሃይማኖታቸውን ይጠብቃሉ ተብለው ዘወትር ይጠረጠሩ ነበር፤ በ1506 በሊዝቦን ከተማ ሕዝቡ ተነሥቶባቸው ብዙዎቹ ተገደሉ። ጠርጣሪው ዐይን የሚፈልጋቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው፤ ቅዳሜን የሚያከብር ማን ነው? ልጁን የሚገርዝ ማን ነው? የዐሣማ ሥጋ የማይበላ ማን ነው? እንግዲህ በዚህች ከተማ አንድ ካህን መጥቶ ቀዳሚት ሰንበትን አከብራለሁ፥ እገረዛለሁ፥ ዐሣማ አልበላም፥ ነገር ግን ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ነኝ ቢል ምን ይባላል? በሸዋና በትግሬ የደብር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ልማድ፥ በሊዝቦን የወንጀል ማስረጃ ነበር። ኦበርግ እንግዳው ምልክቶቹን ያጣል ይላል፤ ጸጋ ዘአብ የደረሰበት ከዚህ የከፋ ነው። ምልክቶቹን አላጣም፤ ባለ አገሮቹ በሌላ ፊደል አነበቡበት እንጂ።

በ1533 ዳምያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ ሊዝቦን መጥቶ አገኘው። ጎይሽ በልጅነቱ በቤተ መንግሥት ሲያገለግል ማቴዎስን አይቶ ነበረና ስለ ኢትዮጵያ ማወቅ ይፈልጋል። ሃይማኖታችሁንና ልማዳችሁን ጻፍልኝ ብሎ ለመነው፤ ጸጋ ዘአብም በ1534 ጽፎ ፈጸመ። ስለ ግዝረት፥ ስለ ሰንበትና ስለ ምግብ እያንዳንዱን ያስረዳል። ጥምቀትን ሲያነሣ፥ በየዓመቱ ወደ ውሃ የምንወርደው ለመዳን ያስፈልጋል ብለን ሳይሆን ለመድኃኒታችን መታሰቢያና ክብር ነው ይላል። አልቫሬዝ ከ13 ዓመት በፊት በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ለተናገረው ቃል መልሱ የተሰጠው እንዲህ በሊዝቦን ነው። ከዚያ በኋላ ኀዘኑ ይገለጣል። የመጣው ለፍቅርና ለወዳጅነት እንጂ ለክርክር እንዳልነበረ፥ እነሆ ሰባት ዓመት እንደ አረማዊ፥ እንደ ተወገዘ ሰው ከክርስቲያን ማእድ ተለይቶ እንደሚኖር ያመለክታል። ክርስቲያን ሁሉ፥ ግሪኩም አርመኑም ኢትዮጵያዊውም፥ በየሥርዐቱ በፍቅር ሊያዝ ሲገባው ይላል፥ እንግዶችን እንዲህ ማስጨነቅ ስለ ምን አስፈለገ?

ሁለቱን ሰዎች ሲያስተያዩ የአስተናጋጆቹ ልዩነት በግልጽ ይታያል። የኢትዮጵያ ንጉሥ የእንግዳውን እግር ያዙ፥ ጸሎቱን ግን ለቀቁለት፤ የሊዝቦን ሊቃውንት በደስታ ተቀብለው ጸሎቱን ያዙበት። ንጉሡ «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ለማወቅ ይመስላል፤ የሊዝቦኖቹ ጥያቄ ግን ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። የብራጋ ሊቀ ጳጳስ ስለ ኢትዮጵያውያን ልማድ ብዙ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን አስጽፏል፤ የጠየቀው ግን አልቫሬዝን ነው። ኢትዮጵያዊው ካህን በዚያው አገር ውስጥ ነበረ። አልቫሬዝም በ1533 የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ ለማቅረብ ወደ ቦሎኛ ሲሄድ ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን ቀርቷል።

ጸጋ ዘአብ ከሊዝቦን የወጣው በ1539 ነው። ሳይወጣ ገና በ1536 የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት በፖርቱጋል ተቋቁሞ ነበር። በአገሩም ከ1529 የሽምብራ ቁሬ ጦርነት ጀምሮ የላኩት ንጉሥ ከተራራ ወደ ተራራ ይሰደዱ ነበር፤ በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ።

በዚያው በ1540 ሁለት መጻሕፍት ታተሙ። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን ወጣ፤ ከዚያም ወደ ጣሊያንኛ፥ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉሞ በአውሮፓ ተነበበ። የጸጋ ዘአብን ቃል የያዘውን መጽሐፍ ደግሞ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በሉቬን አሳተመው፤ በ1541 የፖርቱጋል ዋና የሃይማኖት መርማሪ የነበረው ሄንሪክ መጽሐፉ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ።