የአራሷ ሐዘን፦ ታይቶ የተረሳ ሕመም ታሪክ



የሕመም ታሪክ የግኝት ብቻ ሳይሆን የመርሳትም ታሪክ ነው። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ድባቴ ለዚህ ምስክር ይሆነናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ በ1858 በነፍሰ ጡሮች፣ በአራሶችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ ስለሚደርስ የአእምሮ ሕመም ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የበረታው የሥነ አእምሮ ትምህርት ግን ሕመምን የሚመድበው በምልክቱ እንጂ በተነሣበት አጋጣሚ ስላልነበረ፣ የማርሴ ክፍፍል እየደበዘዘ ሄደ።

ሌላም ምክንያት አለ። የዘመኑ ሐኪሞች በብዛት የሚያዩት ወደ ሕሙማን ማቆያ የገቡትን ነበር፤ ቤቷ ሆና እያጠባች የምታለቅሰውን ማን ይቁጠራት? በ1968 ብራይስ ፒት ለንደን ውስጥ እናቶችን ጠይቆ፣ ከ10 አንዷ ያህል ከወሊድ በኋላ በድባቴ እንደምትያዝ አሳየ። ጆን ኮክስም ኡጋንዳ ውስጥ ነፍሰ ጡሮችን ካጠና በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ፣ በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር የኤድንበራን መለኪያ አወጣ። መለኪያው ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች አሉት። ስለ ድካም አይጠይቅም፤ ሕፃን የታቀፈች ሁሉ ትደክማለችና። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ይኸው መለኪያ አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ዘንድ ተፈትኖ ውጤቱ በ2010 ታትሟል።

እኛ ዘንድ አራስ አትተውም። ገንፎውና አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል፣ ለወንድ እስከ 40 ለሴት እስከ 80 ቀን ክርስትና ድረስ የሚዘልቀው ጥበቃ እውነተኛ ጸጋ ነው። ሆኖም ዘመድ ጎረቤቱ ደስ ብሎት በተሰበሰበበት ቤት «እኔ ደስ አላለኝም» ማለት ፈጣሪን እንደ ማማረር ይቆጠራል። «ልጅ ታቅፋ ምን ጎደላት?» ይባላል። ስለዚህ በሰው ተከብባ ሳለ ሐዘኗን ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ከማርሴ እስከ ኮክስ ያለው ታሪክ እንደሚያሳየን፣ ሕመሙ ዳግመኛ የታየው ሐኪሞች ከማቆያው ወጥተው እናቶችን በጠየቁ ጊዜ ነው። በቋንቋችን አራስን መጎብኘት «መጠየቅ» ይባላል። እንግዲህ ቃሉን በሙሉ ትርጉሙ እንፈጽመው፦ ሕፃኑን ከመረቅን በኋላ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» እንበላት፤ መልሷንም ሳናቋርጥ እንስማ፤ ሐዘኗ ከበረታም ወደ ሐኪም አብረናት እንሂድ።